ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲገዙና ሲይዙ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች፦ ከቴክኒክ ምርመራ እስከ ስመ ንብረት ዝውውር

በሀገራችን ከእጅ ወደ እጅ ከሚተላለፉት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ከተመረቱ አሥር ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉትም ጥቂት አይደሉም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ተወስኗል። በዚህም ምክንያት ቀደም ሲል የገቡት የነዳጅ ተሽከርካሪዎች ለብዙ ዓመታት በመንገዶቻችን ላይ ይቆያሉ፤ እየተጠገኑም በተደጋጋሚ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ።

አንድ ተሽከርካሪ አሮጌ መሆኑ ብቻውን አደገኛ ወይም የማይታመን አያደርገውም። በአግባቡ የተያዘ የሃያ ዓመት መኪና፣ ቸል ከተባለ የአምስት ዓመት መኪና የተሻለ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው በግዢ ጊዜ የሚደረገው ጥንቃቄ፣ ሁለተኛው ከግዢ በኋላ የሚደረገው ክትትል ነው። በዚህ ጽሑፍ ያገለገለ ተሽከርካሪ ለመግዛት ወይም ለመሸጥ ያሰቡ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ የቴክኒክና የሕግ ጉዳዮች በቅደም ተከተል ቀርበዋል።

1. ከመኪናው በፊት ሰነዱን ይመርምሩ

ገዢዎች ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያዩት ቀለሙን፣ ወንበሩንና የሞተሩን ድምፅ ነው። ይሁንና የሞተር ብልሽት በገንዘብ ይጠገናል፤ የሰነድ ጉድለት ግን ንብረቱን በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ከሰነድ ሊጀምር ይገባል።

ሀ. የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር (ሊብሬ)፦ ደብተሩን በዋናው እንጂ በፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ በተላከ ምስል አይመልከቱ። በደብተሩ ላይ የሰፈረው የባለቤት ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ድርድሩ በደላላ አማካይነት የሚካሄድ ቢሆን እንኳ፣ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ባለንብረቱን በአካል ማግኘት ይኖርብዎታል።

ለ. የሻሲና የሞተር ቁጥር፦ ቁጥሮቹን ከተሽከርካሪው አካል ላይ ራስዎ ያንብቡና በደብተሩ ላይ ከሰፈሩት ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ዓለም አቀፉ የተሽከርካሪ መለያ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ከላቲን ፊደላት ውስጥ “አይ”፣ “ኦ” እና “ኪው” የተባሉት ከአኃዝ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ለጃፓን የሀገር ውስጥ ገበያ የተመረቱ ተሽከርካሪዎች ግን አጠር ያለ፣ በመካከሉ ሰረዝ ያለበት የሻሲ ቁጥር ስላላቸው፣ ቁጥሩ ከ17 ማነሱ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ሊያጠራጥር የሚገባው የተፋቀ፣ ተበይዶ እንደገና የተቀረጸ ወይም በቁጥሩ ዙሪያ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ የሻሲ ክፍል ነው። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነም ለውጡ በመዝጋቢው አካል ዘንድ መመዝገቡን ይጠይቁ። ያልተመዘገበ ሞተር በስመ ንብረት ዝውውር ጊዜ ጉዳዩን ያስቆመዋል።

ሐ. የተመረተበት ዘመን፦ በሊብሬ ላይና በገበያ ንግግር ውስጥ “ሞዴል” ተብሎ የሚጠቀሰው ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። “የ2004 ሞዴል” ማለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተመረተ ማለት እንጂ በ2004 ዓ.ም. የተመረተ ማለት አይደለም። የስምንት ዓመት ገደማ ልዩነት በዋጋም በመለዋወጫ አቅርቦትም ላይ ከፍተኛ ለውጥ ያመጣል።

መ. ዕዳና እገዳ፦ ተሽከርካሪው ለባንክ ብድር ዋስትና የተያዘ፣ በፍርድ ቤት የታገደ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት ያለበት መሆን አለመሆኑን ፋይሉ በሚገኝበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድ ሰጪ አካል ዘንድ ያጣሩ። በሚንቀሳቀስ ንብረት ስለሚሰጥ የዋስትና መብት በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተሽከርካሪ በባለንብረቱ እጅ እያለና እየተሽከረከረ በዋስትና ሊያዝ ስለሚችል፣ መኪናው በሻጩ ደጃፍ መቆሙ ከዕዳ ነፃ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ሠ. የቀረጥ ሁኔታ፦ ከቀረጥ ነፃ መብት የገባ ተሽከርካሪ፣ ቀረጥና ታክሱ ሳይከፈል ወይም የሚመለከተው አካል ሳይፈቅድ ያንን መብት ለሌለው ሰው ሊተላለፍ አይችልም። የሰሌዳውን ዓይነት ይመልከቱ፤ በዝቅተኛ ዋጋ የቀረበልዎ ተሽከርካሪ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ፣ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ሳያውቁ ውል አይፈርሙ።

ረ. የጋብቻ ሁኔታ፦ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ዋጋው ከብር 500 በላይ የሆነ የባልና ሚስት የጋራ የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊሸጥ የሚችለው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። አንደኛው ብቻውን ቢሸጥ ሌላኛው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ያላገባ ከሆነ ይህንኑ የሚያሳይ ማስረጃ እንዲቀርብ ይጠይቁ። ንብረቱ የሟች ከሆነም የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል።

2. በመኪናው ላይ የሚደረግ ምርመራ

ሰነዱ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ወደ መኪናው ይሻገሩ። ምርመራውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቢያደርጉ ይመረጣል። ሲደርሱ ሞተሩ ሞቆ ካገኙት፣ ሻጩ በቅዝቃዜ ጊዜ የሚታየውን ችግር ለመሸፈን አስቀድሞ አንሥቶት ሊሆን ስለሚችል፣ በሌላ ቀን እንዲመለሱ ይጠይቁ።

የሞተር ዘይትና የራዲያተር ውሃ፦ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከውስጥ ይመልከቱ። ወተት የመሰለ ነጣ ያለ ዝቃጭ ካለ ውሃ ከዘይት ጋር እየተቀላቀለ ነው ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ምልክት ነው። በራዲያተር ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዘይትም ተመሳሳይ ትርጉም አለው። የራዲያተር ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ መሆኑን አይዘንጉ።

ጭስ፦ ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ የሚታይና ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ ተን የተለመደ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይቆም ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ መሆኑን፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ ነዳጅ በሚገባ አለመቃጠሉን ያመለክታሉ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የናፍጣ ሞተር ጥቂት ጥቁር ጭስ ሊያሳይ ይችላል፤ በሜዳ መንገድ፣ ያለ ጭነት፣ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ኖዝሉና የነዳጅ ፓምፑ መመርመር አለባቸው።

የሲሊንደር ግፊት ልኬት፦ ሞተሩ ምን ያህል እንደተበላ በተሻለ የሚያሳየው ይህ ልኬት ነው። እዚህ ላይ የሀገራችን መልክዓ ምድር ግምት ውስጥ ሊገባ ይገባል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ላይ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። በመሆኑም በአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈው አኃዝ፣ ጤነኛ በሆነ ሞተር ላይ እንኳ፣ በአዲስ አበባ ላይገኝ ይችላል። ይበልጥ ሊታይ የሚገባው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ በጉልህ ዝቅ ካለ የተበላ ፋሻ፣ የተቃጠለ ቫልቭ ወይም የተበላሸ ጓርኒሲዮን ሊኖር ይችላል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ፦ የቆጣሪውን ንባብ ብቻ አይመኑ፤ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። 80,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዟል በተባለ መኪና ላይ የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫ ላስቲክ ተበልቶ ብረቱ ከወጣ፣ መሪው ከተላጠ፣ የአሽከርካሪው ወንበር ከጎደጎደ፣ ቁጥሩና መኪናው አልተስማሙም ማለት ነው።

አካልና ሻሲ፦ በቀን ብርሃን በኮፈኑ፣ በፓራፋንጎውና በበሮቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን ይመልከቱ። የቀለም ልዩነት፣ ተፈትተው የታሰሩ የኮፈን ብሎኖችና በሻሲው ላይ ያለ ብየዳ የግጭት ታሪክ ይጠቁማሉ። በክረምት መንገዳቸው ላይ ጨው ከሚበተንባቸው የአውሮፓ ሀገራት የመጡ ተሽከርካሪዎች ከላይ አምረው ከሥር የዛጉ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ መኪናውን አስነሥቶ ከሥር ማየት ያስፈልጋል። ምንጣፉን ገልጠው እርጥበትና የጭቃ ቅሪት መኖር አለመኖሩንም ያረጋግጡ፤ በጎርፍ የተዋጠ መኪና የኤሌክትሪክ ችግሩ አያልቅም።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና፦ ከቀኝ መሪ ሀገራት ወጥተው ወደ ግራ ከተቀየሩ መኪናዎች ጥቂት የማይባሉት በሀገራችን ይሽከረከራሉ። የሥራው ጥራት ከቦታ ቦታ ይለያያል። የመሪው ዘንግ፣ የፍሬን መርገጫው ማሰሪያ፣ በሞተርና በሾፌር ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ብየዳ እና የኤሌክትሪክ ሽቦ አቀጣጠል በባለሙያ ሊታዩ ይገባል። እነዚህ ክፍሎች ከተበላሹ የሚጎዳው ሰው ነው፤ ስለዚህ በዋጋ ቅናሽ ሊታለፉ አይገባም።

ጎማ፦ የጎማውን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ይመልከቱ። “ዲ.ኦ.ቲ” ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ የሚገኙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በአውሮፓውያን 2019 ዓ.ም. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ግን ለብዙ ዓመታት የቆመ ጎማ ላስቲኩ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ በፍጥነት ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። ጎማው በአንድ ጎን ብቻ መበላቱ ደግሞ የመሪ ክንፎች አሰላለፍ መዛባቱን ወይም የቴስቲና መላላቱን ያመለክታል።

የመንገድ ሙከራ፦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ዳገትና ቁልቁለት ባለው መንገድ ላይ ይንዱ። ካምቢዮው ሁሉንም ማርሽ ያለ ችግር መቀበሉን፣ ፍሪሲዮኑ በዳገት አለመንሸራተቱን፣ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን አለመሳቡን፣ የሙቀት መለኪያው ከመካከለኛው ቦታ አለመዝለሉን ይከታተሉ። ሲጨርሱ ከሥር የሚንጠባጠብ ዘይት፣ ውሃ ወይም ነዳጅ አለመኖሩን ይመልከቱ።

መካኒክ የሚመርጡት እርስዎ እንጂ ሻጩ ወይም ደላላው ሊሆን አይገባም። ለምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከግዢው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው።

3. የትኛውን መኪና ልምረጥ?

ለአሮጌ መኪና አስተማማኝነት ወሳኙ የመለዋወጫ መገኘትና የመካኒኮች ልምድ ነው። በሀገራችን በብዛት የሚገኙት እንደ ቶዮታ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ያሉት ሞዴሎች ተፈላጊ የሆኑት ከጥንካሬያቸው ባሻገር መለዋወጫቸው በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በክልል ከተሞች ስለሚገኝ ነው። በሀገር ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ሞዴል በርካሽ ቢገኝ እንኳ፣ አንድ አነስተኛ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ለወራት ሊቆም ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የፍሬን ሸራ፣ የፊልትሮ፣ የውሃ ፓምፕና የፍሪሲዮን ዋጋን በገበያ ይጠይቁ፤ መልሱ መኪናው ወደፊት የሚያስወጣዎትን ወጪ ይነግርዎታል።

4. ውል፣ ቀብድና ክፍያ

ቀብድ ሲሰጡ በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ባይፈጽም ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ባይፈጽም እጥፉን ይመልሳል። የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ሳይጠናቀቅ የሚሰጥ ከፍተኛ ቀብድ ገዢውን ያለ አግባብ ያስራል።

የሽያጭ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ወይም ሥልጣን በተሰጠው የክልል አካል ፊት ቀርቦ ሊረጋገጥ ይገባል። በውሉ ላይ እውነተኛው የሽያጭ ዋጋ ይስፈር። ክፍያን ለመቀነስ ሲባል ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ከሕግ ተጠያቂነቱ በተጨማሪ ገዢውን ይጎዳል፤ ውሉ በኋላ ቢፈርስ ገዢው ከተጻፈው በላይ መክፈሉን ማስረዳት ይከብደዋል። ቀሪው ክፍያ በባንክ ቢተላለፍ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሆናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ገዢው በውሉ ጊዜ ያወቀውን ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሊሰወረው የማይችለውን ጉድለት በኋላ ምክንያት ማድረግ አይችልም። ስለዚህም ከላይ የተዘረዘረው ምርመራ የገዢውን መብት ለመጠበቅም ያገለግላል። ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት በግልጽ ተናግሮ በውሉ ውስጥ ቢያሰፍር ራሱንም ከክርክር ያድናል። ገዢም ከርክክብ በኋላ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ በጽሑፍ ሊያሳውቅ ይገባል።

5. “በውክልና መሸጥ” የሚያስከትለው ችግር

ስመ ንብረት ሳይዛወር፣ ሻጩ ለገዢው ውክልና ሰጥቶ መኪናውን የሚያስረክብበት አሠራር በብዙዎች ዘንድ እንደ ቀላል መንገድ ይታያል። አንዳንድ መኪና በዚህ ሁኔታ ከሦስትና ከአራት ሰው በላይ ሲያልፍ፣ ሊብሬው ግን በመጀመሪያው ባለቤት ስም ይቆያል። ይህ አሠራር ለሁለቱም ወገን አደገኛ ነው።

ለሻጩ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ እርሱ ያልፈቀደለት ሰው ሲያሽከረክር እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው። በመዝገብ ላይ ባለቤት ሆኖ የሚታየው ሻጩ በመሆኑ፣ ከዓመታት በፊት የሸጠው መኪና ሰው ቢገጭ ወይም ወንጀል ቢፈጸምበት የመጀመሪያው ጥሪ የሚደርሰው ለእርሱ ነው። ያልተከፈሉ ቅጣቶችም በስሙ ይመዘገባሉ።

ለገዢው፦ የውክልና ሥልጣን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል፤ ወካዩ በፈለገው ጊዜም ሊሽረው ይችላል። ገንዘቡን ከፍሎ የጨረሰ ገዢ በአንድ ቀን መኪናውን መሸጥ፣ በዋስትና ማስያዝም ሆነ ስሙን ማዛወር ሳይችል ሊቀር፣ ከማያውቃቸው ወራሾች ጋርም ክርክር ሊገጥም ይችላል። የሻጩ አበዳሪዎችም ንብረቱ በመዝገብ የሻጩ ነው በማለት ሊያሳግዱት ይችላሉ።

በዚህ ሁኔታ መኪና የያዙ ዜጎች፣ የመጀመሪያው ባለቤት በሕይወት እያለና አድራሻው እየታወቀ፣ ዛሬውኑ ወደ ስመ ንብረት ዝውውር እንዲገቡ አጥብቀን እንመክራለን።

6. የስመ ንብረት ዝውውር

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ማንኛውም ተሽከርካሪ እንዲመዘገብና እንዲመረመር ያስገድዳል። በአጠቃላይ ዝውውሩ የሚከተሉትን ደረጃዎች ያካትታል፤ ዝርዝሩ እንደየክልሉና እንደየከተማ አስተዳደሩ ሊለያይ ይችላል።

• ሻጭና ገዢ መታወቂያቸውንና የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃቸውን ይዘው የሽያጭ ውሉን ያረጋግጣሉ።
• ተሽከርካሪው በአካል ቀርቦ የሻሲና የሞተር ቁጥሩ ይመሳከራል።
• ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራው (ቦሎ) ወቅታዊ መሆኑ ይታያል።
• ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑ ይረጋገጣል።
• ተገቢው ክፍያ ተፈጽሞ በገዢው ስም ደብተር ይዘጋጃል።

በአዲስ አበባ አገልግሎቱን የሚሰጠው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን በቅርንጫፎቹ ሲሆን፣ በክልሎች ደግሞ የየክልሉ የትራንስፖርት ቢሮ ነው። ዝውውሩ እንዳለቀ የመድን ጉዳይ ይከተላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንቀሳቀስ አይችልም። የቀድሞው ባለቤት የገባው መድን በራሱ እንደሚተላለፍ አድርገው አይገምቱ፤ የመድን ድርጅቱን አነጋግረው ሽፋኑ በስምዎ መሆኑን ያረጋግጡ።

7. አሮጌ ተሽከርካሪን በአግባቡ መያዝ

መኪናውን ከተረከቡ በኋላ የቀድሞው ባለቤት “በቅርቡ ቀይሬዋለሁ” ቢልም፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የአየርና የነዳጅ ፊልትሮ፣ የፍሬን ፈሳሽና የራዲያተር ፈሳሽ ይቀይሩ። ቀኑንና የኪሎ ሜትር ንባቡን በደብተር ይመዝግቡ፤ የደረሰኞቹንም ቅጂ ያስቀምጡ። ይህ መዝገብ ጥገናን በወቅቱ ለማድረግ ይረዳል፤ መኪናውን ሲሸጡም ለገዢው ትልቅ ማረጋገጫ ይሆናል።

የጥገና ጊዜ ሰሌዳ፦ ቅድሚያ የሚሰጠው አምራቹ ያወጣው ሰሌዳ ነው። እርሱ በማይገኝበት ጊዜ የሚከተለው ለአሮጌ መኪና መነሻ ሊሆን ይችላል።

• በየሳምንቱ፦ የሞተር ዘይት መጠን፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የፍሬን ፈሳሽ፣ የጎማ ንፋስ (ስኮርታውን ጨምሮ)፣ መብራቶች።
• በየ5,000 ኪሎ ሜትር፦ የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መቀየር፤ የአየር ፊልትሮን ማጽዳት፤ ግራሶ የሚጠጡ ክፍሎችን ማጠጣት።
• በየ10,000 ኪሎ ሜትር፦ የፍሬን ሸራ ውፍረት፣ የቴስቲናና የኩሽኔታ ልልነት፣ የአሞርዛተርና የባሌስትራ ሁኔታ፣ የችንጋ ስንጥቅ ማየት፤ ጎማ ማዟዟር።
• በየ40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፦ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት መቀየር።
• በየሁለት ዓመቱ፦ የፍሬን ፈሳሽና የራዲያተር ፈሳሽ መቀየር።

አቧራማ በሆነ የጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና የአየር ፊልትሮው ከዚህ ባነሰ ጊዜ መታየት አለበት። በናፍጣ የሚሠራ ከሆነም በነዳጅ ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ በየጊዜው ማፍሰስ የነዳጅ ፓምፑን ከከባድ ወጪ ያድናል።

የሞተር ጊዜ ማስተካከያ ችንጋ፦ አንዳንድ ሞተሮች በሰንሰለት፣ ሌሎች በላስቲክ ችንጋ ይሠራሉ። ለምሳሌ በቪትዝና በኮሮላ ላይ የሚገኘው 1ኤንዜድ የተባለው የቶዮታ ሞተር ሰንሰለት ሲኖረው፣ በላንድክሩዘር ላይ የሚገኘው 1ኤችዜድ እና በሃይሉክስ ላይ የሚገኘው 5ኤል የናፍጣ ሞተሮች ችንጋ አላቸው። ችንጋው ብዙውን ጊዜ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል። በጉዞ ላይ ቢበጠስ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል፤ በብዙ ሞተሮችም ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው ከባድ ጉዳት ይደርሳል። ችንጋው መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ከሆነ እንደገዙ መቀየሩ ይመረጣል።

የሞተር ማቀዝቀዣና ከፍታ፦ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ብዙ ሞተሮች ደግሞ በዚሁ ሙቀት አካባቢ ነው የሚሠሩት። ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ሲኖር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ ወይም በማይስማማ ክዳን ሲተካ ግን ይህ መከላከያ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ “ሞተሩ ያፈላል” ተብሎ ቴስታታ ከመውረዱ በፊት መታየት ያለበት ይህ አነስተኛ ዕቃ ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ መጠቀም ደግሞ ራዲያተሩንና የውሃ ፓምፑን ያዝጋል፤ ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ በአምራቹ በተመለከተው መጠን ይጨመር። ወደ አፋርና ወደ ሌሎች ቆላማ አካባቢዎች ከመጓዝዎ በፊት ራዲያተሩን፣ ቱቦዎቹንና ማራገቢያውን ያስመርምሩ።

ፍሬንና ቁልቁለት፦ የፍሬን ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ፈሳሽ በሚሞቅበት ጊዜ በውስጡ እንፋሎት ስለሚፈጥር መርገጫው ወደ ታች ይሰምጣል፤ ፍሬኑም አይዝም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ የሚል በመሆኑ፣ በዚህና በመሰል መንገዶች ላይ መኪናን በፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ ሸራውንና ፈሳሹን ያቃጥላል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ፍጥነቱን በሞተር ይያዙ፤ በፍጹም ማርሽ አጥፍተው አይውረዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረገው ይህ ልማድ ሕይወት ያስከፍላል።

መለዋወጫ፦ የፍሬን ሸራ፣ የመሪ ክፍሎች፣ ጎማና ኩሽኔታ በዋጋ ርካሽነት ብቻ ሊመረጡ አይገባም። ከታወቀ ነጋዴ በደረሰኝ ይግዙ፤ የተነሣውን አሮጌ ዕቃ ከአዲሱ ጋር ያነጻጽሩ፤ የማሸጊያውን ጽሑፍ ስሕተትና የዕቃውን ክብደት ይመልከቱ። ያገለገለ ዕቃ ለበር፣ ለመብራት ወይም ለኮፈን ሊጠቅም ይችላል፤ ለፍሬንና ለመሪ ግን አይመከርም።

8. ማጠቃለያ

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ነው፤ በቀሩት ቀናት የተሽከርካሪው ደኅንነት ያለው በባለቤቱ እጅ ነው። ለምርመራ ቀን ተብሎ ተውሶ የሚታሰር ጎማ ወይም ለአንድ ቀን የሚስተካከል ፍሬን ተለጣፊውን ያስገኝ ይሆናል እንጂ በመንገድ ላይ ማንንም አያድንም።

ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲገዙ ሰነዱን አስቀድመው ያጣሩ፤ መኪናውን በመረጡት ባለሙያ ያስመርምሩ፤ ውሉን በሕጋዊ መንገድ ያረጋግጡ፤ ስመ ንብረቱን ሳይዘገዩ ያዛውሩ፤ የጥገና መዝገብ ይያዙ። ሲሸጡም መኪናውን አስረክበው ገንዘቡን መቀበልዎ የጉዳዩ መጨረሻ አለመሆኑን ይወቁ፤ ኃላፊነትዎ የሚወርደው ስምዎ ከመዝገብ ሲነሣ ነው። ለተጨማሪ ማብራሪያ በአቅራቢያዎ የሚገኘውን የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድ አገልግሎት ሰጪ ቅርንጫፍ በአካል ቀርበው ይጠይቁ።